ዝምታ ሁሉ ፈቃድ ነውን?

 

ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ወቀሳ ልጽፍ ተነስቻለሁ። የመጀመሪያው ተወቃሽ እኔ ራሴ ስለሆንኩ ከራሴ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በማስተምርበት መድረሳ የምትቀራ የአንዲት ልጅ እናት ከዐስር ሰላት በኋላ መጥታ በር ላይ ቆመች። ባሏ ሞቶ፣ ዒዳዋን ከጨረሰች ጥቂት ወራት አልፈዋል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ወንድ ልጅ አልወለደችም። «ኡስታዝ፣ የባሌ ወንድሞች ወደ ሸሪዓ ሄደናል፣ ቤቱ ለውርስ ይከፈላል ይሉኛል። አንድ ወረቀትም መጥቶልኝ ነበር፤ ታላቅየው ‹ይህን ለእኔ ተይው› ብሎ ወሰደው። ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ደረሶቼን አሰናብቼ ወደ ቤቴ የምቸኩልበት ሰዓት ነበር። «እህቴ፣ ሸሪዓ ማንንም አይበድልም። ታገሺ፣ ዝም በይ» ብዬ ሸኘኋት። ያ ወረቀት ምን ወረቀት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። በሻርፗ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈትታ ሰጠችኝ። የውሳኔ ግልባጭ ነበር። ተከሳሿ መጥሪያ ደርሷት ስላልቀረበች ጉዳዩ በሌለችበት መታየቱን ይናገራል። ክፍፍሉን እያነበብኩ በልቤ አሰላሁት። ቤቱ 24 እጅ ተደርጎ ለሁለቱ ልጆች 16፣ ለሚስት 3፣ ለሟች ወንድሞች 5 ደርሷል። በፈራኢድ ሒሳብ አንዲት ስህተት የለበትም። ቃዲው የቀረበላቸውን በትክክል ከፍለዋል።

ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው? በደሉ ከሒሳቡ በፊት ነው። ያ ቤት በባሏ ገንዘብ ብቻ የቆመ አልነበረም። ሴትዮዋ 14 ዓመት ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ያገኘችው ገንዘብ በግድግዳውም በጣሪያውም ውስጥ አለ። በሸሪዓችን የሴት ገንዘብ የራሷ ነው። ባል ሲሞት የእርሷ የሆነው አስቀድሞ ይለያል፤ ከዚያ ቀብሩ ይሸፈናል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ኑዛዜው ይፈጸማል፤ የተረፈው ነው ለወራሾች የሚከፋፈለው። ይህን ለቃዲው የሚነግር ግን አልነበረም። ባለጉዳይዋ ቤቷ ተቀምጣ «ዝም በይ» የተባለችውን ትፈጽም ነበር።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያቱን አሳይቶ ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ ሥነ ሥርዓት ነው። ወረቀቱ እጇ ከገባ ግን ወሩ አልፎ ነበር። «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» ብላት፣ «ዝም በይ ብለውኝ የለ ኡስታዝ» አለችኝ።

ቤቱ ተሸጠ። ዛሬ ከልጆቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጉዳይ ከመጻሕፍትም ከአዋጆችም ስከታተል ቆይቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ፍርድ ቤቶቹ እንዴት መጡ?

የቃዲ ፍርድ በአገራችን ትናንት የበቀለ ነገር አይደለም። በሐረርም፣ በጅማም፣ በወሎም ቃዲዎች ከመንግሥት አዋጅ በፊት ይፈርዱ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የእስላም ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙ አዋጅ ቁጥር 12 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 የናኢባዎችና የቃዲዎች ምክር ቤቶች ተደራጁ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ውርስ በእነርሱ ሥር ሆኑ።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ነገሩ ተወሳሰበ። የሕጉ ቁጥር 3347፣ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን የተጻፉም የልማድም ደንቦች ሻረ። ለሙስሊሞች ተለይቶ የተቀመጠ ምዕራፍ በሕጉ ውስጥ የለም። ፍርድ ቤቶቻችን ግን በራቸውን አልዘጉም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቃዲዎቻችን የሚፈርዱበት ሕግ «አለ ወይስ የለም?» እየተባለ ሲጠየቅ፣ እነርሱ ደግሞ በዝምታ ሲፈርዱ ኖሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር ሆነው ታላቁን ሰልፍ ሲወጡ፣ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር። አባቶቻችን በእግራቸው ሄደው የጠየቁት ነውና ቀላል አድርገን ልናየው አይገባም።

መልሱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት እንደማይከለከል ደነገገ። አንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ እንዲህ ያሉ ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙ ወይም እውቅና እንዲያገኙ በር ከፈተ። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188 ወጥቶ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አደራጀ። ቃዲዎች የሚዳኙት በእስልምና ሕግ፣ ሂደቱ የሚመራው በአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በጀቱም ከመንግሥት እንዲሆን ተወሰነ።

ሌሎች አገሮችም የየራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። በጎረቤታችን በኬንያ የቃዲ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ በሕገ መንግሥት ውስጥ ኖሯል፤ በ2010ም ከብዙ ሙግት በኋላ በሕዝበ ውሳኔ በጸደቀው አዲስ ሕገ መንግሥት ቀጥሏል። እዚያም ተከራካሪዎቹ ሙስሊሞች መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ ለቃዲው ሥልጣን መገዛታቸው ይጠየቃል። በሕንድ ደግሞ የተለየ የመንግሥት ቃዲ ፍርድ ቤት የለም፤ በ1937 በወጣው የሸሪዓ ሕግ መሠረት ተራው ዳኛ፣ ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን፣ ለሙስሊሙ በሸሪዓ ይፈርዳል። እኛ ከሕንድ ይልቅ ለኬንያ እንቀርባለን፤ የራሳችን ቃዲ፣ የራሳችን ችሎት አለን። የበሩ ቁልፍ ግን አንድ ቃል ነው፦ ፈቃድ።

ልጃገረዷና መጥሪያው

ውድ አንባቢያን፣ ወቀሳዬ እዚህ ላይ ነው። አዋጁ በግልጽ ያልፈቀደን ሰው ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲመራው ያዛል። መልካም ነው። እንደገና ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ክርክሩም በሌለበት ይሰማል ይላል። የዚያች እህት ነገር ያለቀው በዚህች ቀዳዳ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ በሸሪዓችንስ ዝምታ ፈቃድ አይደለም?» ይሉኛል። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርነውን ሙሉውን እናስታውስ እንጂ! ዝምታዋ እንደ እሺታ የሚቆጠርላት ያላገባች ልጃገረድ ናት። ምክንያቱም ዓይነ አፋርነት ነው። እርሷም ብትሆን አስቀድማ ፊት ለፊት ተጠይቃ፣ ስለ ምን እንደተጠየቀች አውቃ ነው ዝም የምትለው። ባል አግብታ የምታውቅ ሴት ግን በአንደበቷ ካልተናገረች ፈቀደች አትባልም። አባቷ ያለ ፈቃዷ የዳሯት ኸንሳእ ቢንት ኺዛም ወደ ነቢዩ ሄዳ ብትናገር ጋብቻውን አፍርሰውላታል።

እንግዲህ መጥሪያ አንብባ የማታውቅ፣ ወረቀቱን የባሏ ወንድም የወሰደባት፣ ችሎት የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ዝምታ ከየትኛው ይመደባል? ይህ የሐፍረት ዝምታ አይደለም። ያለማወቅ ዝምታ ነው። ለጋብቻ የምንጠነቀቀውን ያህል ለቤትና ለኑሮ ካልተጠነቀቅን «ፈቃድ» የሚለው ቃል ባዶ ይሆናል።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። አንዲት የአዲስ አበባ እህት በውርስ ክርክር ተከስሳ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ስትጠራ፣ «በዚህ ፍርድ ቤት ልዳኝ አልፈቀድኩም» ብላ ተቃወመች። ተቃውሞዋ አልተሰማም። ከታች እስከ ላይ ይግባኝ ብላ፣ ሰበር ችሎትም ደርሳ፣ በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ፈረደላት። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን አዘንን፤ በሸሪዓ ላይ የመጣ ጥቃት አድርገን ያየነውም ነበርን። ዛሬ ሳስበው ግን ያች እህት ለፍርድ ቤቶቻችን ውለታ ውላለች እላለሁ። ተጎትቶ የመጣ ባለጉዳይ የቃዲውን ፍርድ በልቡ አይቀበልም። ወዶ የመጣ ግን ቢረታም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል።

ልብ በሉ! ያች እህት ተናገረች፤ ረጅም መንገድም ቢሆን ተሰማች። የእኔዋ እህት ግን አልተናገረችም። ለተናገሩት የሚደርስ ፍርድ ተገኝቷል፤ ዝም ላሉት ግን ገና ነው። መጥሪያው ሲደርስ የሚያደርሰው ሰው «ይህ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ ልትዳኝበት ትፈቅጃለሽ ወይስ አትፈቅጂም?» ብሎ በምትሰማው ቋንቋ ቢጠይቅና መልሷን ቢጽፍ ምን ይጎድላል? ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ከሚቆጠር እንዳልፈቀደ ቢቆጠርስ? ከሳሽ መደበኛ ፍርድ ቤት ሄዶ መብቱን መጠየቅ ይችላል፤ የሚቀርበት ነገር የለም።

ይዘጋ ለሚሉትና ግዴታ ይሁን ለሚሉት

አንዳንዶች «ሴትን ስለሚጎዳ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይዘጋ» ይላሉ። እኔ እንዲህ እመልሳለሁ። ችሎቱ ቢዘጋ ሙስሊሙ ጉዳዩን ወደ ሌላ አይወስድም፤ ወደ ሳሎን ይወስደዋል። በሳሎን መዝገብ የለም፣ ይግባኝ የለም፣ የውሳኔ ግልባጭ የለም። ጉልበተኛው አጎት ቃዲ ይሆናል። ደግሞም ሸሪዓ ለሚስት የሚሰጠው ሌላው የማይሰጣት ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስትን ያለ ኑዛዜ ከሚወርሱት መካከል አልቆጠራትም፤ የጋራ ንብረቷን ትካፈላለች እንጂ ከባሏ የግል ንብረት አትወርስም። ቤቱ ባሏ ከጋብቻ በፊት የሠራው ቢሆን ባዶ እጇን ትወጣለች። በሸሪዓ ግን ልጅ ካለ አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለ አንድ አራተኛ ማንም የማይነካው ድርሻዋ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሙስሊም የሆነ ሁሉ በግድ ወደ ቃዲ ይሂድ» ይላሉ። ለእነዚህም እላለሁ፦ አስቀድመን ቃዲ ፊት የምንቆመው ሰዎች ሐቀኞች እንሁን። ወንድ ልጅ ከእህቱ እጥፍ ይወስዳል ሲባል «ሸሪዓ ነው» የሚለው ሰው፣ የገጠሩ መሬት ላይ ሲደርስ «በእኛ አገር ሴት መሬት አትወርስም» ብሎ ወደ ልማድ ሲሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹን መስጠት ሲገባው ሸሪዓን ረስቶ ምንም ላለመስጠት ልማድን ያስታውሳል። ይህ ሰው የሚፈልገው የአላህን ሕግ ሳይሆን የሚበጀውን ሕግ ነው።

የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕን ታሪክ አስታውሱ። በኡሑድ ዘመቻ ሲሰዋ ሁለት ሴቶች ልጆችና ሚስት ተወ። የልጆቹ አጎት ንብረቱን በሙሉ ጠቅልሎ ወሰደ። ሚስቲቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄዳ አቤት አለች። የውርስ አንቀጽ ወረደ፤ አጎትየው ተጠርቶ ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥና የተረፈውን እንዲወስድ ታዘዘ። ከዚያች እህት የውሳኔ ወረቀት ላይ ያነበብኩት 16፣ 3 እና 5 ይኸው ራሱ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሰዕድ ሚስት ቀርባ ተናገረች። ያንን ፍርድ ያመጣው የእርሷ አቤቱታ ነው። የእኔዋን እህት አቤቱታ ግን እኔ አፈንኩት።

የስፌት መኪናዋ ገንዘብ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ስንቶቻችን ሚስት አውጥታ የገነባችውን በጽሑፍ ይዘናል? አላህ (ሱ.ወ.) በአል-በቀራ ምዕራፍ የብድርን ውል እንድንጽፍና እንድናስመሰክር በረጅሙ አዞናል። ለጎረቤት የምናበድረውን ብር እንጽፋለን፤ ሚስታችን ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ያወጣችውን ግን መጻፍ ነውር ይመስለናል። ባል በሕይወት እያለ «ምን ልዩነት አለው፣ የጋራችን ነው» ይባላል። ሲሞት ግን ወንድሞቹ ይመጣሉ፤ «የጋራችን» የሚለው ቃል ከሟቹ ጋር ይቀበራል።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በማሌዢያ ያሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን አብረው ያፈሩትን ንብረት ለይተው ለሁለቱም እንደየድካማቸው ይከፍላሉ፤ የአገሩን የቆየ ልማድ ከፊቅህ ጋር አስማምተው ነው። በሞሮኮም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ስለሚያፈሩት ንብረት የተለየ የጽሑፍ ስምምነት እንዲያደርጉ ፈቅዷል፤ ቀድሞም የማሊኪ መዝሀብ ዑለማዎች ለሴት ድካም ዋጋ ስለመስጠት ተወያይተዋል። የእኛም ዑለማዎች ተቀምጠው ይህን ቢመክሩበት፣ ቃዲውም ውርስ ከመክፈሉ በፊት «የሚስቲቱ የግሏ የሆነ አለን?» ብሎ ሳይጠየቅ የሚጠይቅበት ሥርዓት ቢበጅ ከሸሪዓ አንዳች አይጎድልም። ሸሪዓ ራሱ ያዘዘው ቅደም ተከተል ነውና።

ምን እናድርግ?

ሕግ ማሻሻል የእኔና የእናንተ ሥራ አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ። ይሁን። በየቤታችን የምንችለው ግን አለ።

አንደኛ፣ ኒካሕ ስናስር በወረቀት እናድርገው። መህሩ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህሉ እንደተከፈለና ምን ያህሉ እንደቀረ ይጻፍ። ወሊዩና ምስክሮቹ ይፈርሙ። ጋብቻውም በመንግሥት ዘንድ ይመዝገብ። ያልተጻፈ ኒካሕ ሲፈርስ የሚከፋው በሴቷና በልጆቿ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤት ስንሠራ፣ ሱቅ ስንከፍት ሚስት ያወጣችው በሁለት ምስክር ይጻፍ። የሚያፍር ባል ካለ በአል-በቀራ ምዕራፍ ያለውን ትእዛዝ ደግሞ ያንብብ።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም የፍርድ ቤት ወረቀት ቤታችን ሲመጣ፣ ለማንም ዘመድ አሳልፈን ሳንሰጥ፣ በዚያው ቀን ማንበብ ለሚችልና ከክርክሩ ጥቅም ለሌለው ሰው እናስነብበው። ቀጠሮው መቼ ነው? የትኛው ፍርድ ቤት ነው? እዚያ መዳኘት እፈቅዳለሁ ወይስ አልፈቅድም? ከፈቀዱና ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ልዙር ማለት አይቻልምና ከመፍቀድ በፊት ይታሰብበት።

አራተኛ፣ ለእኛ ለኡስታዞች ነው። ሰው ችግሩን ይዞ ሲመጣ ከመምከራችን በፊት እንስማ። አላህ (ሱ.ወ.) ባሏን ልትከስ የመጣችውን የኸውላን አቤቱታ ሰምቶ ስለ እርሷ አንቀጾችን ያወረደ ጌታ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ለአምስት ደቂቃ ጆሮ መስጠት እንዴት አቃተን? ሸሪዓ ማንንም እንደማይበድል ዛሬም አምናለሁ። ቃዲ ግን ያልተነገረውን አያውቅም። ሸሪዓን በስንፍናችን ላይ መሸፈኛ ስናደርገው በደሉ የእኛ ነው።

እኔ አሁን በመድረሳዬ ትልልቆቹን ደረሶች ፈራኢድ ሳስቀራ፣ በፊት የማልጀምርበትን ነገር አስቀድሜ እጀምራለሁ። ከሒሳቡ በፊት «ንብረቱ የማን ነው? ማንስ ተጠየቀ?» ብለው እንዲጠይቁ አስተምራቸዋለሁ። የዚያች እህት ትልቋ ልጅ ከፊት ተቀምጣ ትሰማለች። ባየኋት ቁጥር አፍራለሁ። እናቷ ይቅር ብላኛለች፤ ቤቱ ግን አልተመለሰም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለቃዲዎቻችን ማስተዋልን፣ ለዑለማዎቻችን ትብብርን፣ ለቤቶቻችን ሐቅን ይስጥ። ካጠፋሁ ከራሴና ከሸይጧን ነው፤ ከአገኘሁ ከአላህ ነው። ወላሁ አዕለም።